ሌሊት ውጭ ያደሩ ጨርቆች

ለማንም ተናግሬ የማላውቀው ይህ ነው፤ የናዚርን የሽንት ጨርቆች ሌሊቱን ሙሉ ገመድ ላይ ያሳደርኳቸው እኔ ነኝ። ጉልሲፋት አይደለችም።

ጉልሲፋትና እኔ ሁለት ወንድማማቾች ያገቡን፣ በአንድ ግቢ ያረጀን ሴቶች ነን። ናዚር የመጀመሪያ ልጇ ነበር። እሷ አራስ፣ እኔ ገና ያገባሁ ሙሽራ ነበርን። የሕፃኑን ጨርቅ ማጠብና ፀሐይ ሳትገባ መሰብሰብ የኔ ሥራ ነበር። በመንደራችን በቻሽማክ የአራስ ልጅ ጨርቅ ጨለማ አያየውም፤ ጂኒ ይነካዋል ይባላል።

የዚያን ቀን ወደ ማታ ከበረቱ ጀርባ ተቀምጬ ሻይ የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አነብ ነበር። አባቴ ከትምህርት ቤት ቶሎ ስላስወጣኝ ፊደል የለቀምኩት ለብቻዬ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልቆም ያነበብኩት ያን ቀን ነው፤ ስለ ድንች ዘር የተጻፈ ነበር። ጨርቆቹን ረሳኋቸው። ንጋት ላይ ስወጣ ውርጭ አድርቋቸው እንደ ሳንቃ ቆመው አገኘኋቸው። አማቴ ሳትነቃ ብዬ ሮጬ አወረድኩ፤ እሳት ዳር ጥቂት አለሳለስኩና እርጥቡን ከሕፃኑ ሥር አነጠፍኩ። ሳል ያዘው። ሳምንትም አልቆየ።

በጥድፊያ አንዷን ጨርቅ ገመዱ ላይ ትቻት ነበር፤ አማቴ አይታታለች። ከቀብር በኋላ "ማናችሁ ናችሁ ጨርቅ ያሳደራችሁት?" ብላ ጠየቀች። ጨርቆቹ ባደሩበት ቀን ከሰዓት ጉልሲፋት ጥቂቱን ራሷ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታ ስለነበር "እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለች። እኔ ዝም አልኩ። ባሌም ሳያውቅ ሞተ።

ጉልሲፋት ከብዙ ዓመት በኋላ ምህሪኒሶን ወለደች። በሕፃንነቷ ጡት ከማጥባት በቀር አልነካቻትም። ያጠብኳት፣ የጠቀለልኳት፣ ጨርቋን ፀሐይ ሳለ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። እኔ አልወለድኩም። ሰው ደግ ሴት ይለኛል።

ቀጥለው ያሉት ምህሪኒሶ ከሞስኮ የጻፈችልኝና እኔ የመለስኩላት ናቸው። እኔ ደብዳቤ መጀመሪያ በማይረባ ወረቀት ጽፌ ነው በንጹሕ የምገለብጠው፤ ረቂቆቹ እጄ ላይ ቀርተዋል። በረቂቁ ኖሮ በላክሁት ላይ የሌለ ነገር ካለ እዚያው እናገራለሁ።


ሞስኮ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2002

ለተከበሩት አክስቴ ለሳዳፍ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ላሟ ወለደች? አፕሪኮቱስ እንዴት ያዘ? እናቴስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አላህ ወንድ ልጅ ሰጥቶናል። ኮሚል አልነው። ግንባሩ የእናቴ ነው፣ እግሩ የአባቱ የሻምሲ። "ጩኸቱ ደግሞ የናትህ ነው" ይለዋል አባቱ።

ቤታችን እኔ የምጠርገው ሕንፃ ምድር ቤት እንደሆነ ጽፌልዎት ነበር። ሦስት ቤተሰብ ነን። የኮሚልን ጨርቅ ማሞቂያው ቱቦ ላይ አሰጣለሁ፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ከአገራችን ከኩሎብ የመጣች ዙልፊያ የምትባል አብራን ትኖራለች፤ "እኅቴ፣ ልጅሽን እወደዋለሁ፤ ዓይኔ የሚያለቅሰው ግን ከፍቅር አይደለም" ትለኛለች። የሕንፃው ኃላፊም ቱቦው ላይ ምንም እንዳይሰቀል ብላ ተቆጥታ ሄደች።

የዚህ አገር ሴቶች ሁሉ ዳይፐር ነው የሚያደርጉት። አንድ እሽግ ገዝቼ ሞከርኩ። ሌሊቱን ተኛ፣ እኔም ከወለድኩ ወዲህ ገና ያን ሌሊት ተኛሁ። ጠዋት ስፈታው ግን ጭኑ መሃል እንደ ሮማን ቀልቷል። ሻምሲ ደግሞ "ደሞዜን ጠቅልለሽ ነው ቆሻሻ ውስጥ የምትጥይው" ይላል። እየሳቀ ነው የሚለው፤ ግን ከልቡ አይስቅም።

አክስቴ፣ እኔን በእጅዎ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ጨርቅ ይሻላል ወይስ ዳይፐር? ያሉኝን አደርጋለሁ። እናቴ መወለዱን ስትሰማ ምን አለች? ይንገሩኝ።

ልጅዎ ምህሪኒሶ


ቻሽማክ፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2002

ለልጄ ለምህሪኒሶ፤

የአላህ ሰላም ባንቺም፣ በባልሽም፣ በልጅሽም ላይ ይሁን። ኮሚልን ያሳድገው፤ ወግ ማዕረጉን ያሳያችሁ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። አፕሪኮቱን ውርጭ መታው፤ ለክረምት የሚሆነን ግን አደረቅን።

የጠየቅሽኝ፣ ጨርቅ ይሻላል። አዲስ ጨርቅ ግን አትግዢ፤ አዲስ ጨርቅ ውሃ አይጠጣም፣ ቆዳም ይፍቃል። ለሕፃን የሚሆነው ሽማግሌ ለብሶት ያረጀ ጥጥ ነው፤ ይለሰልሳል፣ ዕድሜም ይሰጠዋል ይባላል። ያጎትሽን ሸሚዞች ቀድጄ ልኬልሻለሁ። ሲሞት በደንብ ያረጁ ነበሩ። ስታጥቢ ደጋግመሽ አለቅልቂ፤ ጭን የሚያቀላው ጨርቁ ውስጥ የሚቀር ሳሙና ነው። ለቀላው ቦታ የአፕሪኮት ፍሬ ዘይት ቀቢው፤ በትንሽ ጠርሙስ አለ።

የእንጨት ቧንቧውንም ልኬያለሁ። ለሻምሲ እጅ እንጨት ይታዘዛል፤ ጋህቮራ፣ የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ፣ ይሥራለት። ልጁ አልጋው ላይ ታስሮ ሲተኛ ሽንቱ በቧንቧው ወደ ማሰሮው ከወረደ ጨርቅሽ በግማሽ ይቀንሳል። ጎረቤታችን ባሮት የሴት ልጅ ቧንቧ አምጥታልኝ ነበር፤ "ወንድ ነው ያልኩሽ" ብዬ መለስኳት። ይኼኛው የመንደሩ ወንድ ልጅ ሁሉ ያደገበት ነው። የባቡሩ ሠራተኛ ራጃብ ያደርስልሻል።

ፀሐይ ሳትገባ ጨርቁን ሰብስቢ።

እናትሽ ደህና ናት።

አክስትሽ ሳዳፍ


ሞስኮ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2002

ለተከበሩት አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጨርቁም ዘይቱም ደርሶኛል፤ የኮሚል ጭን ድኗል። ቧንቧው ግን አልደረሰም። ጣቢያው ላይ ፖሊስ የራጃብን ሻንጣ በርብሮ አገኘው። "ይሄ ምንድን ነው?" "የሕፃን ነው፣ ጌታዬ።" "በእናንተ አገር ሕፃን ትምባሆ ያጨሳል?" ብሎ አፉ ውስጥ ከተተው፤ ሳብ ሳብ አደረገው። ራጃብ ምን ይበል? "ጥሩ እንጨት ነው፣ ይውሰዱት" አለው። ዙልፊያ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ "ለመሆኑ ስንት ልጅ ተጠቅሞበታል?" አለች። "የመንደራችን ወንድ ሁሉ" አልኳት። እስካሁን ሌሊት ትዝ ሲላት ትስቃለች።

አክስቴ፣ ፀሐይ ሳትገባ ሰብስቢ ብለውኛል። እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይጨልማል። በረዶ ልዝቅ ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው። መቼ ላስጣ? ዙልፊያን ስለ ጂኒው ብነግራት "ተዪኝ እባክሽ፣ እኛ ያላገኘነውን የመኖሪያ ፈቃድ ጂኒ ከየት ያገኛል?" አለችኝ። አሁን ቀን በጨርቅ፣ ማታ በዳይፐር ነው የማውለው የማሳድረው። በዚህ ምክንያት ለጣሪያችሁ እልካለሁ ያልኩትን ገንዘብ አልላክሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ሌላም ነገር አለ። እስካሁን የሥራዬን ግማሽ ሻምሲ ከሥራው መልስ ይደርብልኛል፤ ከኤፕሪል በኋላ ግን አይችልም፤ ሌላ ቦታ ይቀየራል። ልጁን ይዤ መጥረግ አይፈቀድልኝም። ስለዚህ ኮሚልን ለእናቴ ላመጣላት አሰብኩ፤ ሁለት ዓመት ያህል። ባለፈው ሳምንት በወረዳው ፖስታ ቤት ስልክ አስጠርቼ ነገርኳት። "ወደኔ እንዳታመጪው" አለችኝ። "ለምን?" ብላት "የኔ እጅ ለሕፃን አይሆንም" ብላ ዘጋችው።

አክስቴ፣ ምንድን ነው ይሄ ነገር? አብረዋት የሚኖሩት እርስዎ ነዎት። ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ምህሪኒሶ


ቻሽማክ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2003

ለልጄ ለምህሪኒሶ፤

የአላህ ሰላምና በረከት አይለይሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፤ ከተከፈተም ቆይቷል። ጣሪያው ላይ አፈር ጨመርንበት፤ ይህን ክረምት ይችላል። ስለ ገንዘቡ አትጨነቂ።

እናትሽ ትልቁን በግ ሸጠች። ከፓንጃኬንት ገበያ ስትመለስ ትላልቅ እሽጎች ተሸክማለች፤ እያንዳንዱ ላይ የሚስቅ ሕፃን አለበት።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"ዳይፐር ነው። ምናልባት ምህሪኒሶ እምቢ ብላ ልጁን ካመጣችው።"

"ቤት ሙሉ አሮጌ ጨርቅ እያለ?"

"ጨርቅ በዚህ ግቢ አላይም። ይሄ አይታጠብም፣ አይሰጣም፣ አይረሳም። ይለብሰዋል፣ ይጣላል።"

"ለዚህ ነው በጉን የሸጥሽው?"

"በግ ነው፣ ሰው አይደለም።"

ጓዳ ውስጥ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ ደረደረችው። ባሮት መጥታ አየችና "ጉልሲፋት፣ በስተርጅና ልታረግዢ ነው እንዴ?" አለቻት። "ከፈለግሽ አንዱን ውሰጂ፣ ስትስቂ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ" ብላ መለሰችላት። ባሮት እየተሳደበች ወጣች። እናትሽ ግን አልሳቀችም። ሰው ሲወጣ "አንቺ ትይዥዋለሽ፤ እኔ ከደጅ አየዋለሁ፤ ያ ይበቃኛል" አለችኝ።

ስለ እጇ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አክስትሽ ሳዳፍ


ሞስኮ፣ ማርች 9 ቀን 2003

ለአክስቴ ለሳዳፍ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

"ሌላ ጊዜ" ያሉትን አልጠበቅሁም። ራሴ አስታወስኩ። በሠርጌ ዋዜማ እናቴ ፀጉሬን እየሠራች "ወንድም ነበረሽ። ጨርቁን ውጭ አሳድሬበት ሞተ" ብላኝ ነበር። የዚያን ቀን ሐሳቤ ሌላ ጋ ነበር፤ ምንም አላልኳት። ነገሩ ይኸው ነው አይደል?

እዚህ ኮሚልን የምታየውን ሐኪም ጠየቅኋት። "የሳንባ ምች ይሆናል፤ በዚያ ዘመን በየቤቱ ነበር" አለችኝ። አክስቴ፣ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ባላጠፋችው ጥፋት ታስራለች። እርስዎ መጽሐፍ ያነባሉ፤ እናቴ ከመንደሩ የሃይማኖት መምህር ከሙላው ይልቅ እርስዎን ትሰማለች። የማንም ጥፋት አይደለም ብለው ይንገሯት። ከእርስዎ አፍ ከሰማች ታምናለች፤ አንዴ ማለት ነው የሚያስፈልገው።

ሻምሲ ሜይ ላይ ይቀየራል። ከእናቴ ሌላ ለማን ልስጠው?

ምህሪኒሶ


ቻሽማክ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2003

ለልጄ ለምህሪኒሶ፤

አላህ ካሰብሽው ያድርስሽ። ያልሽኝን ነገርኳት። የሆነውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

በረንዳው ላይ ሱፍ ትፈትል ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ጉልሲፋት፣ ናዚርን የገደለው የሳንባ ምች ነው" አልኳት።

"ዛሬ ምን አስታወሰሽ?"

"ምህሪኒሶ ሐኪም ጠይቃ ነው። እኔም አንብቤያለሁ። የማንም ጥፋት አይደለም።"

እንዝርቷን አላቆመችም። "የሳንባ ምች ከምን ይመጣል?"

"ከብርድ።"

"ብርዱስ ከየት መጣ?"

ሱፍ አቀበልኳት።

"እና ምን ልዩነት አለው? ጂኒ ይሁን ብርድ፣ ጨርቁን ያሳደርኩት እኔ ነኝ። አላህ ይማረኝ እንጂ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?"

"ምናልባት አንቺ አልነበርሽ ይሆናል።"

"ታዲያ ማን ይሁን? ግቢው ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። አማታችን የሕፃን ጨርቅ በእጇ ነክታ አታውቅም። አንቺ ደግሞ መቼ ረስተሽ ታውቂያለሽ?"

ከዚያ በኋላ ስለ ሱፉ ነው ያወራነው። ልጄ፣ የሞከርኩት ይህን ያህል ነው። ኮሚልን አምጪው። መንገድ ላይ ብርድ እንዳይመታው ደራርቢለት።

አክስትሽ ሳዳፍ

(በረቂቁ ላይ «እናትሽ እንዲህ ስትለኝ 'ውሃው ፈላ' ብዬ ተነሣሁ፤ ውሃ አልጣድኩም ነበር» የሚል አለ። በላክሁት ላይ አልገለበጥኩትም።)


ሞስኮ፣ ሜይ 4 ቀን 2003

ለተከበሩት አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። በማርች የጻፍኩት ደብዳቤ ቁጣ ነበረበት፤ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ባይኖሩ እናቴም እኔም የት እንሆን ነበር?

ከራጃብ ጋር እንመጣለን። ሁጃንድ ባቡር ጣቢያ ዓርብ ሜይ 23 ቀን እንደርሳለን፤ መኪና ይዛችሁ ጠብቁን። ለመንገዱ የሚበቃ ዳይፐር ይዣለሁ። ከዚያ በኋላ በጨርቅም ይሁን በሌላ፣ እናንተ እንደመከራችሁ ይሁን፤ እኔ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም።

እናቴን አልፈርድባትም። በእጇ ካልያዘችው አይክፋት። ከደጅ ትየው፣ እያየችው ይደግ። እርስዎ ይያዙልኝ። እኔንም ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ እጅ ይልቅ የማምነው እጅ በዓለም ላይ የለኝም።

ልጅዎ ምህሪኒሶ


ይህ የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው። ጉልሲፋት "ምን አለች?" ስትለኝ እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከደጅ ትየው የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች።

"ደግ ልጅ ናት፤ ተረዳችኝ" አለች። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ዳይፐሮቹን አወጣችና እኔ የምተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ምንጣፌ አጠገብ ደረደረቻቸው። "ሌሊት ስትፈልጊ እንዳትንከራተቺ" አለችኝ። ደጁ ላይ ቆማ ከበሩ እስከ ምንጣፌ ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካች። "እዚህ ጋ ብቀመጥ ይታየኛል አይደል? ዓይኔ ደክሟል።"

"ይታይሻል" አልኳት።

"ፊቱን ወደዚህ አድርገሽ አስተኚልኝ እንግዲህ።"

እሺ አልኳት። እሺ ማለት አይከብደኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ብያታለሁ። ልጁን ተቀብዬ ማሳደግም እችላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም። እሷ ደጁ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ ታመሰግነኛለች። ምህሪኒሶም ከሞስኮ ታመሰግነኛለች። ኮሚል አያቱን ከሩቅ እንደምትታይ ሰው ያውቃታል። እንዲህ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል፤ እናቱም ያደገችው እንዲሁ ነው።

ሌሊቱን ይህን ስጽፍ አደርኩ። ያለቀስኩ እንደሆን ብዬ ፊቴን ዳሰስኩ፤ አላለቀስኩም። ስጀምር ለማን እንደምጽፍ አላወቅኩም ነበር። መጀመሪያ ለምህሪኒሶ ልሰጣት አሰብኩ፤ እሷ ማንበብ ትችላለች፣ እኔም ፊቷን ሳላይ ወደ ላሟ እሄዳለሁ። ግን ለእናቷ የምትነግራት ምህሪኒሶ ልትሆን ነው፤ ልጅ ታቅፋ፣ ከመንገድ ደክማ። ይህንንም በሌላ ሰው ትከሻ ላሳልፈው አልፈለግሁም።

ካነበብኩላት በኋላ "ልጁን አትነኪውም" ብትለኝ ልክ ናት። "ከግቢዬ ውጪልኝ" ብትለኝም እወጣለሁ፤ የወንድሜ ልጆች ከወንዙ ማዶ አሉ። ይቅር ትበለኝ ብዬ አይደለም። ዓርብ ጣቢያው ላይ ምህሪኒሶ ልጁን ስትዘረጋ፣ ጉልሲፋት ስለ ገዛ እጇ እውነቱን አውቃ እንድትቆም ነው። ትቀበለው አትቀበለው የሷ ነው።

ነግቷል። በረንዳው ላይ እንዝርቷን ስታነሣ ይሰማኛል። ማንበብ ስለማትችል አጠገቧ ተቀምጬ እኔ አነብላታለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀምጬላት እነሣለሁ። ይህ ጽሑፍ የሚሰጠው ለናዚር እናት፣ ለጉልሲፋት ነው።